ኢን-14 ሁሉ ለምን አንድ አይመስልም? ስለ ኒክሲ ቱቦ ልዩነቶች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ኒክሲ ቱቦ አሃዞችን በጋዝ ፍካት የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ ነው፤ ኢን-14 ደግሞ ከሶቪየት ዓይነቶቹ አንዱ ነው። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ከሁለት አሮጌ የመለኪያ መሣሪያዎች የነቀልኳቸው ስምንት ኢን-14 ቱቦዎች አሉኝ። የአራቱ ወንፊት ደቃቅ ነው፤ የቀሩት አራቱ ሰፋፊ ቀዳዳ አላቸው። የሁሉም 5 የተገለበጠ 2 ይመስላል። ሲበሩ አንዳንዶቹ ብርቱካናማ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ዳር ዳራቸው ወደ ሰማያዊ ይላል። ዘጠነኛው ዜድኤም1040 ሲሆን መስታወቱ ራሱ ቀይ ነው። ትክክለኛው የትኛው ነው? ቀላቅዬ ሰዓት ብሠራባቸውስ?»

የመጨረሻውን ላስቀድም። ስምንቱን ኢን-14 ቀላቅለው ሰዓት ሊሠሩባቸው ይችላሉ፤ ዘጠነኛውን ግን ለብቻው ያኑሩት። ከነገሩን ነገር በመነሳት በእጅዎ ሐሰተኛ ቱቦ አለ ብዬ አልጠረጥርም። መስታወቱ ላይ የታተመው ስም የእግሮቹን አደራደር፣ የሚፈልገውን ቮልቴጅና ከረንት ይነግርዎታል፤ ሲበራ ምን እንደሚመስል ግን አይነግርዎትም። አንድ ዓይነት ቱቦ ለብዙ ዓመታት ሲመረት ወንፊቱ ይለወጣል፣ የብረቱ ገጽ ይለወጣል፣ ስሙ ግን እንዳለ ይቀጥላል። እኔ ቱቦ ስመርጥ ስሙን አንዴ አንብቤ እተወዋለሁ፤ የምፈርደው አብርቼ ነው።

ልዩነቶቹ ከየት እንደመጡ የሚታየው ግን ውስጡን ስናውቅ ነው። ኒክሲ ቱቦ ውስጥ እንደ አምፖል የሚግል ክር የለም። ያለው በዝቅተኛ ግፊት የታሸገ ኒዮን ነው፤ ጥቂት አርጎን ይቀላቀልበታል፣ በብዙዎቹም ውስጥ ኢምንት ሜርኩሪ አለ። አሥሩ አሃዞች ከስስ ብረት የተቆረጡ አሥር ካቶዶች (አሉታዊ ጫፎች) ናቸው፤ ሳይነካኩ አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርድረዋል። ከፊታቸው፣ ብዙ ጊዜም በዙሪያቸው፣ አንድ የጋራ አኖድ (አዎንታዊ ጫፍ) አለ፤ እርስዎ ወንፊት ያሉት እሱ ነው። አኖዱ ላይ 170 ቮልት ገደማ ከረንት በሚገድብ ሬዚስተር በኩል ሰጥተው አንዱን ካቶድ ከአሉታዊው መስመር ጋር ሲያገናኙ ጋዙ በዚያ ካቶድ ዙሪያ ብቻ ይፈካል። የሚያበራው ብረቱ አይደለም፤ ብረቱን እንደ ካባ የለበሰው ጋዝ ነው። ለዚህ ነው የጠፋው አሃዝ እንደ ሽቦ ቀጥኖ ሳለ የበራው ወፍሮ የሚታየው።

የነዳፊው ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ ኋላ ያለው አሃዝ ከፊቱ ባሉት ዘጠኝ አሃዞችና በወንፊቱ በኩል አልፎ ዓይን ጋ መድረስ አለበት። ስለዚህ አደራደሩ የቁጥር ቅደም ተከተልን አይከተልም፤ የትኛው ቅርጽ የትኛውን ይጋርዳል የሚለውን ይከተላል። በብዙ ቱቦዎች የተለመደው ከፊት ወደ ኋላ 6 7 5 8 4 3 9 2 0 1 ነው። የሶቪየቱ ኢን-12 ደግሞ 3 8 9 4 0 5 7 2 6 1 ብሎ ይደረድራል። ኢን-12 ያለው ሰዓት ካገኙ ከ12 ደቂቃ ወደ 13 ሲሻገር ትንሽ ከጎን ሆነው ይዩት፦ 2 ከጥልቁ ይጠፋና 3 መስታወቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ከፊት ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ከኒክሲ ፍቅር የሚይዘው በዚህች ዝላይ ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

አሁን ወደ 5። የታዘቡት ልክ ነው፤ በኢን-12ና በኢን-14 ውስጥ 5 ሆኖ የቆመው 2 ነው። ግን «የተገለበጠ» የሚለውን ቃል እናጥራው። 2ን ወረቀት ላይ ጽፈው ወረቀቱን ግማሽ ዙር ቢያዞሩት 2 ሆኖ ይቀራል። 6 ግን ግማሽ ዙር ሲዞር 9 ይሆናል፤ በዚህ ዘዴ አንድ ቅርጽ ለሁለት አሃዝ ማገልገሉ አያስገርምም። 2 ወደ 5 የሚቀየረው በመዞር ሳይሆን ገጹ ሲገለበጥ ነው፤ እግሩ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ፊት፣ ልክ ወደ ላይ የሚከፈት ማስታወሻ ደብተር ገጽ እንደሚገለበጥ። ወረቀቱን እንዲህ ገልብጠው ብርሃን ላይ ይዘው ከጀርባው ቢያዩት ወዲያው ይገባዎታል። ከዚያ የሚወጣው 5 ራሱን ያጋልጣል፦ ከላይኛው አግድም መስመር ቀጥ ብሎ ወርዶ ማዕዘን የሚሠራ አንገት የለውም፤ ከግራ ጥግ ተነስቶ እያዘቀዘቀ ወደ ሆዱ ይገባል። አንድ ቅርጽ ማዘጋጀት የሚቀንስ ቁጠባ ነው። ትልቁ ወንድማቸው ኢን-18 ግን የራሱ የሆነ ደንበኛ 5 አለው፤ 40 ሚሊ ሜትር በሚረዝም አሃዝ ላይ ያ ቁጠባ ዓይን ይወጋ ነበር። በኢን-14 18 ሚሊ ሜትር ላይ ግን አብዛኛው ተመልካች ካልነገሩት አያይም። ከነገሩት በኋላ ደግሞ ሌላ ምንም አያይም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወንፊቱን በተመለከተ፣ ደቃቅ ይሁን ሰፊ በኤሌክትሪክ በኩል ለእርስዎ ሥራ የሚያመጣው ለውጥ የለም። አኖድ መሆን ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ለሁሉም ካቶድ ቅርብና ለዓይን ክፍት። ልዩነቱ ሲታይ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ከቅርብ ሲያዩት ጥቋቁር መስመሮቹ የበራውን አሃዝ ይቆራርጡታል፤ ደቃቁ ግን ከአንድ ክንድ ርቀት ጀምሮ ለዓይን ይጠፋል፣ አሃዙ የተቀባ ያህል ወጥ ይሆናል። በአንጻሩ ክፍሉ ብርሃን ሲበዛበት ደቃቁ ወንፊት እንደ ስስ መጋረጃ ግራጫ ሆኖ ይታያል። እኔ ደቃቁን እመርጣለሁ፤ ይህ ግን የጣዕም ጉዳይ እንጂ የጥራት አይደለም። ሻጮች «ደቃቅ ወንፊት» ብለው ዋጋ ሲያንሩ የሚሸጡልዎት መልኩን ነው፤ ረጅም ዕድሜን አይደለም።

ሰማያዊው ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ አያስደንግጥዎ። ኒዮን ብቻውን የሚሰጠው ንጹሕ ብርቱካናማ ነው። ችግሩ አዮኖቹ ካቶዱን ያለማቋረጥ ይደበድቡታል፣ ብረቱ በጣም በጥቂቱ ይበናል፣ ብናኙም መስታወቱና አጎራባች አሃዞች ላይ ይለጠፋል። ሜርኩሪ ሲጨመር ይህ መቦርቦር በእጅጉ ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ኒክሲዎች ዕድሜ 5,000 ሰዓት ገደማ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ 200,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ተቆጥሮላቸዋል፤ በዚህ ለውጥ ውስጥ የሜርኩሪ ድርሻ ትልቅ ነው። ሜርኩሪ ግን የራሱ ብርሃን አለው፤ ሰማያዊና ሐምራዊ። በአሃዙ ዳርና በሽቦዎቹ ላይ የሚያዩዋት ሰማያዊ ነጥብ እሷ ናት። ቱቦው ሲሞቅና ከረንቱ ሲበዛ ትደምቃለች፤ ስለዚህ ካስጠላችዎ መጀመሪያ ከረንቱን ይፈትሹ። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ቱቦ ቢሰበር መስኮት ከፍተው በእርጥብ ወረቀት ያንሱት እንጂ በባዶ እጅ አይጥረጉት፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሜርኩሪ ሜርኩሪ ነው።

የዜድኤም1040 ቀይ መስታወትም የዚሁ ታሪክ ተከታይ ነው። ቀይ ማጣሪያው ሰማያዊውን ውጦ ብርቱካናማውን ያሳልፋል፣ የጠፉትን አሃዞችና ወንፊቱንም በጨለማ ይሸፍናቸዋል። የፋብሪካ ወለል ላይ በመብራት ሥር ለቆመ መለኪያ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ በራ ወይስ አልበራም የሚለው ጥያቄ አይነሳም። የዚሁ ቱቦ ማጣሪያ የሌለው ወንድም ዜድኤም1042 ይባላል። ቀዩ ቀለም መስታወቱ ላይ የተቀባ ስለሆነ ልጠው የሚያወጡት ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። የተላጠ ቱቦ ተመልሶ አይቀባም፣ ቀዩ ራሱ ደግሞ የዘመኑ መልክ ነው። አሃዙ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኢን-14 ጎን ቢያቆሙት የሰርግ ፎቶ ላይ ልጆች መካከል የገባ አጎት ይመስላል፤ ከረንቱም ከእነሱ ይበልጣል። ለብቻው ያኑሩት ያልኩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስምንቱን እንዴት እናዛምዳቸው? እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። 180 ቮልት አካባቢ የሚሰጥ ምንጭ እወስዳለሁ፣ ከአኖዱ ጋር 15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አገባለሁ፣ ከዚያ ካቶዶቹን አንድ በአንድ እያበራሁ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፍ መካከል ያለውን ቮልቴጅ እለካለሁ። ቱቦው ከበራ በኋላ በላዩ የሚቀረው 140 ቮልት ገደማ ነው፤ ሬዚስተሩ ላይ 40 ቮልት ካነበብኩ 2.7 ሚሊ አምፔር ያህል እያለፈ ነው ማለት ነው፤ ለኢን-14 የሚስማማ ነው። ለእያንዳንዱ ቱቦ አሥር ንባብ ጽፌ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ሁለት ቮልት ሦስት ቮልት ቢለያዩ ዓይን አይለየውም። አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከሄደ ሬዚስተሩን ለእሱ ብቻ እቀይራለሁ። ይህን ሲሠሩ አንድ እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን፤ 180 ቮልት ቀልድ አያውቅም፣ ምንጩን ካጠፉ በኋላም ካፓሲተሩ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል።

በዚህ ፍተሻ ወቅት ዓይንዎ ሊለያቸው የሚገቡ ሁለት ሕመሞች አሉ፤ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው የከረንት ማነስ ነው። ፍካቱ ካቶዱን ሙሉ ለሙሉ የሚያለብሰው በቂ ከረንት ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ሲያንስ አሃዙ ግማሹ በርቶ ግማሹ ይቀራል። ሁለተኛው የካቶድ መመረዝ የሚባለው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይበራ የቆየ አሃዝ ከጎረቤቶቹ የበነነው ብረት ይለጠፍበትና በዚያ ቦታ አልፈካም ይላል። መለያው ቀላል ነው። 8 ብዙ ብረት ያለው አሃዝ ነው፣ 7 ትንሽ። ስለዚህ ከረንት ያነሰ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጎድለው 8 መሆን አለበት። 8 ሙሉ ሆኖ በርቶ 7 ጫፉ ላይ ከጨለመ ጥፋቱ የከረንት አይደለም፤ 7 ተመርዟል። በዚሁ ምክንያት 1 ሁልጊዜ ከሌሎቹ ደምቆ ቢታይዎ አይገረሙ፤ ያው ከረንት በትንሽ ብረት ላይ ስለተከማቸ ነው።

የተመረዘ አሃዝ ብዙ ጊዜ ይድናል። ለዓይነቱ ከተፈቀደው ከፍተኛ ከረንት ሳያልፉ ያንን አሃዝ ብቻውን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት አብርተው ይተዉት፤ የተለጠፈው ብረት ቀስ እያለ ይነሳል። አንድ ጊዜ ትዕግሥት አጥቼ ከረንቱን በእጥፍ ጨመርኩት። አሃዙ በአንድ ማታ ጸዳ፣ መስታወቱ ግን ከዚያ አሃዝ ትይዩ ላይ እንደ ጭስ ጠቆረ። እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ እያየሁት አፍራለሁ። ሰዓትዎ ደግሞ ሌሊት ሌሊት አሥሩንም አሃዞች ለጥቂት ደቂቃ እንዲያዞር ቢያደርጉት በሽታው ከመጀመሪያው አይመጣም።

የትኛው አሃዝ እንደሚበራ የሚወስነው የማብሪያ አይሲም (ቺፕ) መልክ ላይ እጁ አለበት። 7441ና ተከታዩ 74141 እግራቸው ሲታይ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን ከ9 በላይ የሆነ ኮድ ሲሰጠው 74141 ሁሉንም አሃዝ ያጠፋል፣ አሮጌው 7441 ግን ያልተፈለገ አሃዝ ሊያበራ ይችላል። የሶቪየቱ ካ155ኢዲ1 የ74141 አቻ ነው። የሰዓቱን የፊት ዜሮ ለማጥፋት ካሰቡ 7441ን ይተዉት። በትራንዚስተር የሚሠሩ ከሆነ ያልበሩት ካቶዶች ከምንም ጋር ሳይገናኙ ተንሳፍፈው እንዳይቀሩ ያስቡበት፤ ከአኖዱ ጋር ያለው ልዩነት ሲሰፋ ደብዛዛ ጥላ የሚመስል ፍካት ይጀምራቸዋል፤ ሰዎች ያለ ጥፋቱ በቱቦው ላይ የሚያሳብቡት ይህንን ነው።

ከጥያቄዎ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ምክንያቱም የኒክሲ ዓለም ከኢን-14 በጣም ይሰፋል። ባሮውዝ ኩባንያ ይህን ቱቦ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ሐሳቡ የመጣው ከገዛው ከሃይዱ ወንድማማቾች ላቦራቶሪ ነው። «ኒክሲ» የሚለው ስም «የሙከራ አሃዝ ጠቋሚ ቁጥር 1» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻር የወጣ ነው፤ የአንድ ኩባንያ ስም ሆኖ ተወልዶ የሁሉም ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አምራች ለየራሱ ችግር የየራሱን መልስ ሰጠ። እንደ ኢን-12 አሃዙ በአናቱ በኩል የሚነበብ አለ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ይጠጋጋል፣ ሶኬት ላይም ይሰካል። እንደ ኢን-14 በጎኑ የሚነበብ አለ፤ ቆሞ ይታያል፣ እግሮቹም ሽቦ ናቸው። ኢን-12ኤ ነጥብ የለውም፤ ኢን-12ቢ አለው፤ የእርስዎ ኢን-14 ደግሞ በግራም በቀኝም አለው። የማብሪያ ክፍሎችን ለመቀነስ ካቶዶቹን ሁለት ሁለት አጣምሮ፣ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥሮችን በሁለት አኖድ የለየ ቱቦም ተሠርቷል፤ ብልህ ነገር ነው፣ ለዛሬ ሠሪ ግን ራስ ያዞራል። ፊሊፕስ ከዚህም ሄዶ ፓንዲኮን በተባለው ዜድኤም1200 አሥራ አራት አሃዞችን በአንድ ረጅም መስታወት ውስጥ ከተታቸው። አንዱ አሃዝ ቢሞት አሥራ ሦስቱ አብረው የሚጣሉበት ንድፍ መሆኑን ሳስብ ልቤ አይወደውም።

የባሮውዙ ቢ-7971 ደግሞ የተደረደሩ አሃዞችን ጭራሽ ትቶ ፊደልም ቁጥርም በክፋዮች ይጽፋል። ያ ሐሳብ አድጎ በ1970ዎቹ ፓናፕሌክስ የተባለውን ጠፍጣፋ ባለ ሰባት ክፋይ ማሳያ ሰጠ፤ ጋዙ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ጥልቀቱ ግን የለም። የምሥራቅ ጀርመኑ ዜድ568ኤም 50 ሚሊ ሜትር አሃዙን ይዞ ዛሬም የሰብሳቢዎች ሕልም ነው። ቼካዊው ዳሊቦር ፋርኒ ይህንኑ ንድፍ መነሻ አድርጎ አዳዲስ ቱቦዎችን በእጅ ይሠራል፤ ከ1950ዎቹ የመጣ ሙያ በአንድ ሰው ግትርነት እንደገና ተነስቷል።

ወደ እርስዎ ስምንት ልመለስ። ከመበየድዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። መስታወቱ ውስጥ እንደ ፊት መመልከቻ መስታወት የሚያብረቀርቅ ወይም የጠቆረ ቅብ ካለ ይዩት፤ ጌተር ይባላል፣ የተረፈ አየር የሚውጥ ነው። ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቷል፣ ቱቦው አይበራም። ከዚያ እግሮቹን። እግር ሲያጥፉ ከመስታወቱ ሥር አያጥፉ፤ ሽቦውን ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብለው በቀጭን ፒንሳ ይያዙና ከፒንሳው ወዲያ ያለውን ያጥፉት። የሽቦውና የመስታወቱ መገናኛ ላይ ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ ብትፈጠር ቱቦው ዛሬ ይበራል፣ ከወር በኋላ ሐምራዊ ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከሌላ መሣሪያ የተነቀለ ስለሆነ አሮጌውን ብየዳ ሲያጸዱ ሙቀቱ ወደ መስታወቱ እንዳይወጣ ሽቦውን መሐል ላይ በፒንሳ ይያዙት፤ ፒንሳው ሙቀቱን ይወስደዋል።

አቀማመጡን እንዲህ አደርገው ነበር። ዓይን የሚያወዳድረው ጎረቤትን ከጎረቤት ነው፤ ስለዚህ አራቱን ደቃቅ ወንፊት በሰዓትና በደቂቃ ላይ አንድ ላይ ያቁሟቸው፣ ሰፊ ወንፊት ካላቸው ሁለቱን ከሁለቱ ነጥቦች ወዲያ በሰከንድ ላይ። እዚያ አሃዙ ስለሚሮጥ ወንፊቱን ማንም አይመረምርም። ሁለቱ ለመለዋወጫ ይቀራሉ። በፍተሻው 6፣ 7 ወይም 8 ላይ የታመመ ቱቦ ከተገኘ አይጣሉት፤ የሰዓቱ አሥር ቤት ከ0 እስከ 2 ብቻ፣ የደቂቃውና የሰከንዱ አሥር ቤት ከ0 እስከ 5 ብቻ ነው የሚያሳየው። የታመመውን እዚያ ያቁሙትና፣ የሌሊቱ ዙር ለሌሎቹ ሲሠራ እሱም 7ና 8ን እየተለማመደ ምናልባት ይድናል። የደቂቃው አንድ ቤት ላይ ግን አሥሩም አሃዞቹ ሙሉ የሆኑትን፣ ንባቡም ከሁሉ የቀረበውን ያድርጉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እሱን ነው።